ብሩ ረከሰ፣ ቀኑ አልረከሰም

አዘና ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ አንድ በሬ አጥር ጥሶ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ገባ እንበል። የማሳው ባለቤት ጮኸ፤ የበሬው ባለቤት መጣ። አንዱ ተሳደበ፣ ሌላው መለሰለት፣ ቀጥሎ መገፋተር ሆነ። ደም አልፈሰሰም፣ አጥንት አልተሰበረም። ቢሆንም ከሁለቱ አንዱ በነጋታው ከዳኛ ፊት ሳይቆም አይቀርም።

እንዲህ ያለው ጠብ በአገው ምድር አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ዳኛው ነው። አያት በዚህ ነገር ቢከሰስ የቆመው ከጭቃ ሹሙ ፊት ነበር። አባት ከአጥቢያ ዳኛ፣ ታላቅ ወንድም ከፍርድ ሸንጎ ቆሟል፤ የዛሬው ጎልማሳ ደግሞ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጥፋቱ ያው ሆኖ ሳለ የሚያስከትለው ነገር ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። የትንንሽ ጥፋቶችን የፍርድ ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ ከሕግ ጋር የሚጋጨው በነፍስ ግድያ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ጉዳይ ነውና።

አዘና ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ማዕከል ናት። ስሟ ግን ከከተማነቷ ይቀድማል። አገው ራሱን «ሰባት ቤት» ብሎ ሲጠራ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ መተከልና አዘና ይቆጠራሉ። በትውፊቱ እነዚህ የሰባት ወንድማማቾች ስሞች ናቸው። ሰባቱ ቤቶች አንድ የሚሆኑበት ሌላም መድረክ አላቸው፤ እርሱም በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ የሚባለውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በፈረስ ጉግስ የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሚታወቀው በፈረስ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ አባል ማስታረቅም ከሥራው አንዱ ነው። በትውልድ ሐረግ ወንድማማች ነን በሚሉ ሰዎች መካከል ስድብና ግፍትሪያ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሽማግሌ ይገባበታል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ አብረው ይበላሉ።

ጽሑፍ ያላገኘው የድሮው ሥርዓት የራሱ ወግ ነበረው። በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ካስቆመው፣ የተባለው ሰው አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድም ነበር። ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል የተባለው ስለዚህ ቃል ነው። ከዚያ መንገደኛ ዳኛ ይሆናል። ሽማግሌ ወይም የተከበረ ሰው በዚያ ካለፈ ጠበኞቹን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። እርሱ መዳኘት ካልቻለ ጉዳዩ ወደ ጭቃ ሹሙ ይሄዳል። ባለ ዕዳው እንዳይሸሽ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዞ አብረው ይጓዛሉ፤ ይህም ቁራኛ ይባላል። ዛሬ «ዓይነ ቁራኛ» ስንል ያንን ቋጠሮ ሳናስተውል እየጠራን ነው።

ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። በሌላው አገር አፈርሳታ ይባላል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ለተመረጡ ታማኝ ሰዎች በምስጢር ይናገርና «ወፍ ነገረን» ተብሎ ይወጣል። ሌባው እስኪገኝ እህል ማጨድም ሆነ ከብት ማገድ የለም። ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን ንብረት ነዋሪው አዋጥቶ ይከፍላል። ዘዴው ወንጀልን በጋራ ዕዳ ያስጠብቃል፤ ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር የሚያስቀጣው ግን ይኸው የጋራ ዕዳ ነው።

ዳኝነቱ ነጻ አልነበረም። በብዙ የጎጃም አገር ጭቃ ሹምነት ከአገር አቅኚው ዘሮች ለእያንዳንዱ በተራ የሚደርስ ሹመት ሲሆን፣ ሹሙ ደመወዝ የለውም። የሚተዳደረው ከሥልጣኑ በሚያገኘው ነው፤ ከሚያገኘው አንዱ ደግሞ የፍርድ ገንዘብ ነበር። ከእርሱ በላይ ያለው ምስለኔ፣ ከዚያም በላይ ያለው ገዥ እንዲሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ነው። ዛሬም ከሳሽ ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገብ ሲያስከፍት የሚከፍለው ገንዘብ «የዳኝነት» መባሉ ከዚያ ዘመን የተረፈ ቃል ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ይህን ሁሉ በአንድ እጅ ለማስገባት ተነሣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን ከላይ እስከ ታች በደረጃ አቆመ። ነገር ግን ከወረዳ በታች ያለውን ሕዝብ የሚደርስ አልነበረም። ስለዚህ በ1939 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 90 ወጥቶ አጥቢያ ዳኛ የሚባል ሹመት መጣ። ሥልጣኑ ጠባብ ነበር፦ በፍትሐ ብሔር ከ25 ብር ያልበለጠ ነገር ማየት፣ በወንጀል ከ15 ብር ያልበለጠ መቀጮ መወሰን። ማሰር አይችልም።

በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 15 ብር 6 ዶላር ገደማ ነው። ለገበሬ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ቢሆንም ከቤት አያፈናቅልም። የአጥቢያ ዳኛውን ሥራ በትክክል የሚያሳየው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 ነው። አንቀጹ አጥቢያ ዳኛው ስድብን፣ የእጅ እልፊትን፣ ጥቂት የንብረት ጉዳትን እና ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ ያዝዛል። እርቁ ካልሆነ ብቻ ፈርዶ እስከ 15 ብር ይቀጣል። ብቻውን አይቀመጥም፤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነው። በፍርዱ ያልተስማማ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። የአውሮፓን የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ባረቀቁት መጽሐፍ ውስጥ የዛፍ ጥላው ሽምግልና አንድ አንቀጽ አግኝቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከዚህ ቀድሞ ግን ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በድል በዓል ቀን ሥራ ላይ ዋለ። በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ሕግ ጥፋት በሦስት ይከፈላል፦ ከባድ ወንጀል፣ መካከለኛ ወንጀል፣ ደንብ መተላለፍ። የኢትዮጵያው መጽሐፍ መካከለኛውን እርከን ለብቻው አላቆመም። ወንጀልን በአንድ ወገን፣ ደንብ መተላለፍን በሌላ ወገን አድርጎ ለሁለተኛው በመጽሐፉ መጨረሻ የራሱን ክፍል ሰጠው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ሚስዲሚነር» የሚለው ቃል በአማርኛ አንድ አቻ የሚያጣውም ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ግማሹ ደንብ መተላለፍ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ቀላል እስራት በሚያስቀጣው ወንጀል ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

ቃሉም ይናገራል። «መተላለፍ» ማለት ድንበር መሻገር ነው። ጥፋተኛው የግድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለሥልጣን ያወጣውን ደንብ፣ «አድርግ» ወይም «አታድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ተሻግሯል። ስለዚህ ቅጣቱም ለብቻው ተለካ። የነጻነት ቅጣቱ ወህኒ ሳይሆን ማረፊያ ቤት ሆነ፣ ከ1 ቀን እስከ 3 ወር። መቀጮው በመደበኛው ከ1 ብር እስከ 300 ብር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ ይያዝልን። በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ያው የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በደንብ መተላለፍ የተከሰሰን ሰው ከመንገላታት ሊያድን ሞክሯል። ከአንቀጽ 167 ጀምሮ ያለው ሥርዓት በመጥሪያ ይጀምራል፤ ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነ በጽሑፍ አምኖ ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ ይችላል። ለተያዘ ሰውም በአንቀጽ 29 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ታዘዘ። እዚህ ላይ ግን ሕጉ የኢትዮጵያን መንገድ አስታውሶ፣ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደፈቀደ የምትል ቀዳዳ ተወ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህች ሐረግ ብዙም ትርጉም የላትም። በክረምት ጭቃ ከአንከሻ ገጠር ተይዞ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን 48 ሰዓት ስንት ቀን እንደሚሆን የምትወስነው እርሷ ነበረች። በ1987 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥትም 48 ሰዓቱን በአንቀጽ 19 ሲደነግግ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከቁጥር አውጥቷል።

ደርግ ሲመጣ ጭቃ ሹሙም አጥቢያ ዳኛውም ተሻሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን በማኅበር አደራጀ። ማኅበሩ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ኖረው፤ በከተማም የቀበሌ ማኅበራት እንዲሁ። የሸንጎው ዳኞች ሕግ የተማሩ ሳይሆኑ የተመረጡ ነዋሪዎች ነበሩ። በአንድ በኩል ዳኛው ወደ ሰው በር ተጠጋ፤ ለ5 ብር ነገር ወረዳ ድረስ መንከራተት ቀረ። በሌላ በኩል ግን ፈራጁ፣ አሳሪውና የማኅበሩ መሪ የተቀራረቡ፣ አንዳንዴም ያው ሰው ሆኑ። ከስብሰባ የቀረ፣ መዋጮ ያልከፈለ፣ መሪውን በቃል የደፈረ ሰው ጥፋቱ የደንብ ይሁን የፖለቲካ ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ ነበር። ከድሮው የአጥቢያ ዳኛ ሥርዓት የተጣለው ዋና ነገር ይህ ነው፦ «መጀመሪያ አስታርቅ፣ ካልሆነ ፍረድ» የሚለው ቅደም ተከተል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክልሎች ሲቋቋሙ በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚባለው መጣ። ወንጀሉን የሚያየው መደበኛው ፍርድ ቤት በሦስት እርከን ቆመ፤ የወረዳ፣ የዞን ከፍተኛ፣ የክልል ጠቅላይ። ለአዘና ሰው መጀመሪያው ደጃፍ ወረዳው ነው፤ ይግባኙ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ይሄዳል። አማርኛ የማይገባው፣ አፉን በአውኚ የፈታ ተከሳሽም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ክርክሩ በሚገባው ቋንቋ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት አገኘ። በጭቃ ሹሙ ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ዳኛውም ተከሳሹም የሚጣሉት በአንድ ቋንቋ ነውና።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ስሙን ሳይቀር ቀየረ። የ1949ኙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ ገና ከርእሱ ሰውየውን ያያል። አዲሱ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ደንብ መተላለፍ ግን እንደ ጥንቱ በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከአንቀጽ 734 ጀምሮ የራሱን ክፍል ይዞ ቀረ።

አሁን በሬው ወደ ገባበት ጤፍ እንመለስ። በዛሬው ሕግ ያ አንድ ጠብ ቢያንስ ሁለት መዝገብ ይሆናል። የተበላው ጤፍ የፍትሐ ብሔር ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ግፍትሪያው ደግሞ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 560 አካል ሳይጎዳ ወይም ጤና ሳያውክ ሰውን መምታት ወይም መግፋት የእጅ እልፊት ብሎ ይጠራዋል፤ ቀላል ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርም። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ነገሩ ከከበደ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ነው።

ቁጥሩ ከደንብ መተላለፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የእጅ እልፊት የተቀመጠው በወንጀሎቹ ክፍል ነው እንጂ በደንብ መተላለፉ ክፍል አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ነገር ናት፣ አምኜ ልገላገል» ብሎ የሚፈርም ሰው ያመነው ደንብ መተላለፍ ሳይሆን ወንጀል ሊሆን ይችላል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። የቅጣቱ መጠን ቢቀራረብም በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም ነው።

የድሮው እርቅም በዚህ ሕግ ውስጥ በሌላ በር ገብቷል። የእጅ እልፊትና ስድብ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ናቸው። ተበዳይ ካልጠየቀ ዐቃቤ ሕግ በራሱ አይከስም። ተበዳዩ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። እነዚያ 3 ወራት የሽማግሌ ወራት ናቸው። በጥር በተጣሉ ሰዎች መካከል ሽማግሌ እስከ ፋሲካ ድረስ ደጅ ይጠናል፤ እርቁ ከወረደ ከሳሽ የለም፣ ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም። የደንብ መተላለፍ ክስ ግን በአብዛኛው ተበዳዩ መንግሥት ወይም ማኅበረሰቡ ነው፤ ሽማግሌ የሚልክለት ሰው የለም።

ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. 300 ብር ማለት 120 ዶላር ያህል ነበር፤ በገጠር ያን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጁ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። በ1996 ዓ.ም. አዲሱ ሕግ ሲወጣ የተለመደው ወንጀል መቀጮ ከፍ ብሎ ለግለሰብ ከ10 እስከ 10,000 ብር ሲደርስ፣ የደንብ መተላለፉ መደበኛ ጣሪያ እዚያው 300 ብር ላይ ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 300 ብር 3 ዶላር እንኳ አይሞላም።

3 ወር ግን ዛሬም 3 ወር ነው። ለገበሬ 3 ወር የአንድ አዝመራ ጊዜ ነው፤ በሰኔ የገባ በመስከረም ይወጣል። ሕጉ ሲጻፍ ሁለቱ ቅጣቶች በሚዛን ላይ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ነበሩ፤ ዳኛው አንዱን በሌላው ሊለውጥ ይችላል በሚል እሳቤ። አሁን አንደኛው ወገን ተነሥቶ ባዶ ሆኗል። ልዩ ደንቦች፣ ለምሳሌ የትራፊክ፣ የራሳቸውን መቀጮ እያወጡ ክፍተቱን ሊሞሉ ሞክረዋል። ዋናው ሕግ ግን በሁለት ዘመን መካከል እንደ ቆመ ነው፦ ገንዘቡ የማያስጠነቅቅ፣ እስራቱ የሚያፈናቅል።

ሌላው ለውጥ ደግሞ ከቅጣቱ በኋላ የሚመጣው ነው። በጭቃ ሹሙ ዘመን ጥፋት የሚታወሰው በሰው ልብ ነበር። ካሳ ተከፍሎ፣ ጠላ ተጠጥቶ ከተለያዩ በኋላ ነገሩን ያነሣ ራሱ ነውረኛ ነው። ዛሬ የሚያስታውሰው ወረቀት ነው። የጣት አሻራ ይነሣል፣ መዝገብ ይከፈታል። ሥራ ሲፈለግ፣ ወደ ውጭ አገር ሲኬድ «ከወንጀል ነጻ» የሚል ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከተማው ሰው ክሊራንስ የሚለው። በ20 ዓመቱ በገበያ ቀን የተጋፋ ወጣት በ28 ዓመቱ ለአሽከርካሪነት ሥራ ወይም ለአረብ አገር ጉዞ ወረቀት ሲያስወጣ ያ ቀን ተነሥቶ ሊጠብቀው ይችላል። ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቷል፤ መሰየም ይባላል። የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ መልካም ጠባይ ካሳየ፣ ጽኑ እስራት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎቹ ቢያንስ 2 ዓመት ሲያልፍ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የማይጠይቅ ሰው ግን አያገኘውም።

በውጭ አገር የሚኖረው ወገን ከዚህ የባሰ ያጋጥመዋል። በአሜሪካ ሚስዲሚነር በጥቅሉ እስከ 1 ዓመት እስር የሚያስቀጣ ጥፋት ሲሆን፣ ዜግነት ላልያዘ ሰው ግን ጥቂት የሚመስል ጥፋት ማመን የመኖሪያ ፈቃድን ሊያሳጣና ሊያስባርር ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በፓዲያ ጉዳይ የወሰነው ይህንን አይቶ ነው። ጠበቃ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የመባረር አደጋ እንዳለ የመንገር ግዴታ አለበት አለ። በአዘናም ሆነ በዋሽንግተን ቅጣቱ ከሚያልቅበት ቀን በኋላ የሚጀምር ሌላ ቅጣት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ መጥሪያ ለደረሰው አንባቢ፦ ከመፈረምህ በፊት የተከሰስክበትን አንቀጽ ቁጥር ጠይቅ። በወንጀል ሕጉ ከ734 ጀምሮ ያለ ከሆነ ደንብ መተላለፍ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወንጀል ነው። ክሱ በግል አቤቱታ የሚቀርብ መሆኑን፣ አቤቱታውም በ3 ወር ውስጥ መቅረቡን ጠይቅ። ጽኑ እስራት በማያስቀጣ ነገር ተይዘህ ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅህ ሥልጣን እንዳለው አስታውስ። ቋንቋው ካልገባህ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ገንዘብ አትከፍልበትም። ቅጣትህን ፈጽመህ ከሆነ ደግሞ የወጣህበትን ቀን ጻፍ፤ ቅጣቱ ጽኑ እስራት ካልነበረ ከዚያ ቀን 2 ዓመት ስትቆጥር ለመሰየም የምታመለክትበት ጊዜ ደርሷል።